የእናቴን የምግብ መጽሐፍ ፍለጋ ወደ አንኮበር

ሐሙስ ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ ከኮተቤ ተነስቼ ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ደብረ ብርሃን ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሮጬ ገባሁ። ከእኔ ጋር አራት ሰዎች ነን። እስኪሞላ ድረስ በብርድ ተኮራምተን ስንጠብቅ ረዳቱ አንድም ጊዜ ከ«ሁለት ሰው» ዝቅም ከፍም አላለም። ውሸት በማለዳ ከጀመረ ቀኑን ሙሉ እንደሚከተል ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

የሄድኩት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ልገዛ ነው። ያገለገሉ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት እሰበስባለሁ። የሆቴል ሰው አይደለሁም፤ ቀን ቢሮ ውዬ ማታ ለቤተሰቤ ወጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ግን ከቅመም ብልቃጦቹ በላይ አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ላይ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጠርዛቸው ዘይት የጠጣ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍት ተደርድረዋል። አዲስ የምግብ መጽሐፍ አልወድም። አሮጌው ራሱ ይመክራል። በርበሬ የነካው ጣት ያረፈበት ገጽ ላይ ያለው ወጥ ጥሩ ወጥ ነው፤ ንጹሕ ገጽ ላይ ያለውን ማንም አልሠራውም ማለት ነው። ባለቤቴ «አንቺ ከጽሑፉ ይልቅ ቆሻሻውን ነው የምታነቢው» ይለኛል፤ አልተሳሳተም።

ከዚህ ሁሉ መካከል የጎደለው አንድ ነው፤ የእናቴ። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት አያያዝ አስተማሪ ነበረች። እኔ ሕፃን ሳለሁ ከደመወዟ ቆጥባ ለደጋ ሰው የሚሆን ቀጭን የምግብ መጽሐፍ አሳተመች። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹንና ጎመኑን በስንት ዓይነት መሥራት እንደሚቻል የሚናገር መጽሐፍ ነው። ለተማሪዎቿ ሰጠች፤ ከገጠር ለሥልጠና ለሚመጡ ሴቶች አደለች። ቤት የቀረውን አንዱን ዘመድ ተውሶ ወሰደው፤ እንደወሰደውም ቀረ። አሁን ሰማንያ ዓመት አልፏታል፣ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። «እኔም መጽሐፍ ጽፌ ነበር» ስትል የእድር ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንደኛዋ ባለፈው «ላም አለኝ በሰማይ!» አለቻት፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ። እናቴ ማታ ራቷን ሳትበላ ተኛች። ያን ዕለት ይህቺ ሴት ሳትሞት መጽሐፏን እጇ ላይ አስቀምጣለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ስልኬን ያልሰጠሁት አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የለም። ከሁለት ሳምንት በፊት ጌታሁን የሚባል የደብረ ብርሃን ነጋዴ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ያ የሚፈልጉት ሰማያዊ የምግብ መጽሐፍ እጄ ገብቷል። አስካለ የሚል ስም አለበት» አለኝ። ለማንም እንዳይሰጠው ለመንኩት። ፈቃድ እስካገኝ ድረስ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለእናቴ የቢሮ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ከላምበረት እስከ ጫጫ

ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ሜዳው ተከፈተ። ጥር ነው፤ እህሉ ገብቷል፣ በየደጃፉ የገለባ ክምር ቆሟል፣ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተሰማርቷል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ከመነሳታችን ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ሁለቴ ገፋሁት፤ ሁለቴም «ይቅርታ» ብሎ እዚያው ተመለሰ።

ሸኖ ላይ ስንቆም ቅቤ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። አንዷ በጣቷ ቆንጥራ «ለጋ ነው፣ ቅመሽው» አለችኝ። ቀመስኩት፤ እውነትም ለጋ ነበር። ዋጋውን ስትነግረኝ ግን ለጋነቱ ከአፌ ጠፋ። «ዱሮ በዚህ ብር ጥጃዋን ነበር የምንገዛው» ብላት «ዱሮ ሂጂና ግዢዋ!» ብላኝ ወደ ሌላው መስኮት ዞረች። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ጫጫ ልንደርስ ስንል ኬላ ላይ አስወርደው ፈተሹን። ቦርሳዬን የከፈተው ወታደር ለመጽሐፉ ብዬ የያዝኩትን ጠንካራ ካርቶንና ላስቲክ አወጣ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የመጽሐፍ መያዣ ነው።»

«መጽሐፉስ የታለ?»

«ልገዛ መሄዴ ነው።»

«የምን መጽሐፍ?»

«የወጥ» አልኩት።

ጓደኛውን ጠርቶ «ወጥ መሥራት ሳትማር ነው ያረጀችው» አለውና ሁለቱም ተሳሳቁ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ወጥ ክርክር አልገጥምም ብዬ ካርቶኔን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን ፀሐይ እያለም ይበርዳል። ንፋሱ በቀጭኑ ገብቶ አጥንት ይፈልጋል። ከመናኸሪያ ወርጄ መጀመሪያ አንዲት ቁርስ ቤት ገብቼ ትኩስ ፍርፍር በሻይ በላሁ። አስተናጋጇ ፋብሪካ ልትቀጠር ከወሎ መጥታ እዚህ የቀረች ልጅ ናት፤ «ብርዱን ለመድሽው?» ብላት «ብርዱስ ይለመዳል፣ የቤት ኪራዩ ነው እንጂ» አለችኝ። ከተማው ከልጅነቴ ሌላ ሆኗል። እናቴ ታስተምርበት የነበረውን ሰፈር ፈልጌ ያገኘሁት ፎቅና የፎቅ ጅምር ብቻ ነው።

የጌታሁን ሱቅ ገበያው ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ፊት ለፊቷ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሸጡ የፈተና ጥያቄዎች ተደርድረዋል፤ አሮጌዎቹ መጻሕፍት ከኋላ በገመድ ታስረው ተከምረዋል። ስሜን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ወንበር አቀረበልኝ። ነጋዴ ሳይጠየቅ ወንበር ሲያቀርብ ደግ ነገር አይመጣም።

«እትዬ፣ ባለፈው ሰኞ ለቅሶ ሄጄ ነበር» ብሎ ጀመረ።

«ነፍስ ይማር። መጽሐፉስ?»

«ሱቁ ላይ ሚስቴን አስቀምጬ ነው የሄድኩት። እሷ ደግሞ አላወቀችም...»

«ሸጠችው?»

«በኪሎ ነው የሄደው፣ ከሌሎቹ ጋር። ከአንኮበር የመጣ ደምሴ የሚባል ልጅ ለግድግዳ ወረቀት ፈልጎ ነው። ሊያገባ ነው፣ ለሙሽራ ቤት የሚለጠፍ።»

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ቀስ ብሎ ሲገባኝ ከወንበሩ ተነሳሁ። በገጠር ጭቃ ግድግዳን ጋዜጣና የመጽሐፍ ገጽ ለጥፎ ማስዋብ የማላውቀው ነገር አይደለም፤ ጋዜጣ ከጠፋ ወዲህ አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ እንደሚገዙም ሰምቻለሁ። የእናቴ ድካም ግን እንደ ድንች ተመዝኖ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ጮኽኩበት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ የጻፈችው ሴት በሕይወት አለች እኮ!» አልኩት። ሁለት ተማሪዎች ፈተናቸውን ጥለው ወጡ። ጌታሁን አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ ቢሟገተኝ ይሻል ነበር።

የደምሴን ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ደወልኩ። ጥሪ አይቀበልም ይላል። ጌታሁን ወደዚያ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል አለኝ። ሰርጉ እሑድ እንደሆነና ቤታቸው አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማን ትንሽ አለፍ ብሎ እንደሆነም ነገረኝ።

ባዶ እጄን ላለመውጣት ከክምሩ ሁለት መጻሕፍት መረጥኩ። አንዱ ሽፋን የሌለው የጾም ምግብ መጽሐፍ ነው፤ የሽምብራ ዓሣ የሚሠራበት ገጽ በዘይት ብዛት ብርሃን ያሳልፋል፣ ባለቤቱ ያለ እሱ አልጾመችም። ሌላው ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው፤ የማናውቀውን አትክልት በማናውቀው ምጣድ ጥበሱ እያለ ያዛል፣ አንድም ጠብታ የለበትም። ጌታሁን ከሀፍረቱ የተነሳ ዋጋቸውን ዝቅ አደረገልኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። መቶ ሜትር ሳልሄድ ስለ ሁለቱም ማሰብ ተውኩ።

ወደ ጎረቤላ

ዓርብ ጠዋት የአንኮበር መኪና ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተቀመጥኩ። ሁሴን ይባላሉ፤ ከአልዩ አምባ ናቸው፣ ቅመም ይነግዳሉ። እግራቸው ሥር ያለው ማዳበሪያ የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። መንገዱ የገብስ ማሳውን፣ የድንጋይ ካቡንና የባሕር ዛፉን እየቆረጠ ይሄዳል፤ ከመኪናው በፊት አቧራው ይደርሳል። ቤቶቹ ድንጋይ ናቸው፣ ብርዱን የሚያውቅ ሰው የሠራቸው።

ሁሴን ሥራዬን ጠየቁኝ። ለምን እንደምሄድ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደምሴን አውቀዋለሁ። የሰርጉን ቅመም እኔ ነኝ የሰጠሁት። አላህ ይባርክለት፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግን እህቴ፣ ወረቀት አንዴ በሙጫ ከተያዘ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እነቅለዋለሁ።»

«ወላሂ፣ ሰርግ ቤት ሄዶ ከሚነቅል የሚለጥፍ ይሻላል» አሉ። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር። ዞሬ ሳያቸው ግን አልሳቁም።

ደጋው በድንገት አልቆ ገደሉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከታች ጉም ተኝቷል፤ ጉሙ ሲሳሳ ወደ ቆላ የሚወርደው ሸንተረር በላይ በላዩ እየተደረበ ይታያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን መኪናውን አስቁሜ እወርድ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ ያያል እንጂ ልቤ ግድግዳ ላይ ነበር። ስንት ገጽ ይሆን የዳነው? ሽፋኑን ጥለውት ይሆን?

ጎረቤላ ስንወርድ ሁሴን ማዳበሪያቸውን ተሸክመው ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለት ከመሄዳቸው በፊት መንገዱን በእጃቸው አሳዩኝ። «ዳስ የተጣለበት ቤት ነው፤ አትስቺውም» አሉኝ።

ጫጉላ ቤቱ

አልሳትኩትም። ግቢው ውስጥ ዳሱ እየተጣለ ነው፤ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ የጠላ ጋኖች በረድፍ ቆመዋል፣ ጎረቤት የሚያውሰው አግዳሚ ወንበር እየተሸከመ ይገባል። የደምሴ እናት ወይዘሮ በላይነሽ ይባላሉ። ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ እጄን አስታጥበው አስቀመጡኝ።

«በይ እህቴ፣ መንገድ ደክሞሻል፤ መጀመሪያ እህል ቅመሺ።»

ዓርብ ነው፤ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ፣ ከጎኑ የባቄላ ስልጆ። በጉዞዬ ሁሉ ከዚያ የሚጣፍጥ አልበላሁም። እየጎረስኩ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ እናቴ፣ ስለ እድር ሴቶቹ፣ በኪሎ ስለተሸጠው መጽሐፍ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች እጃቸውን አቁመው ሰሙኝ። ስጨርስ ወይዘሮ በላይነሽ ተነሱ።

«ነይ እስቲ እይው» አሉኝ።

ጫጉላ ቤቱ ከዋናው ቤት ጎን ያለች አዲስ ክፍል ናት። በሩን ከፍተው አስገቡኝ። አልጋው ተዘርግቷል። ከአልጋው በላይ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ የእናቴ መጽሐፍ ተለጥፏል።

ቀጥ ብሎ ነው የተለጠፈው። ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ፣ አንዱ ገጽ ከሌላው ሳይበልጥ። ሌላው ግድግዳ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጽ ነው፤ የአልጋው በኩል ግን የእሷ ብቻ ነው። ሰማያዊው ሽፋን መሀል ላይ ነበር፣ ስሟ ደግሞ በላዩ። የገብስ ቂጣ፣ ጭኮ፣ የድንች አልጫ፣ የጎመን ክትፎ። በየገጹ ጥግ ትንንሽ ሥዕል አለ፤ ድስት፣ ሌማት፣ ገበታ። ቀረብ ብዬ አየሁት። የዘይት ጠብታ ፈለግኩ፣ የበርበሬ ጣት ፈለግኩ። አንድም የለም። ይህ ቅጂ ከታተመ ጀምሮ ማንም አብስሎበት አያውቅም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የቤቱን ሰዎች ነው የጠላሁት።

«የምግብ ሥዕል አለበት ብሎ ነው ለዚህ በኩል የመረጠው» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ሙሽራዋ ዓይኗን ስትገልጥ ጥጋብ እንድታይ።»

«ልወስደው እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «ሌላ ወረቀት ገዝቼ አመጣለሁ። ብሩንም እሰጣለሁ።»

«ብርሽን ያዢ። የእናትሽ ከሆነ ምን ልልሽ እችላለሁ? የእናት ነገር አይከለከልም።» አልጋውን አዩ። «ደምሴ አግዳሚ ሊያመጣ ሄዷል። እስኪመጣ ብትቆዪ ግን ጥሩ ነበር» አሉኝ።

አልቆየሁም። ቢመጣ ይከለክለኛል ብዬ ፈራሁ። ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ ለመንኩ፤ አመጡልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ በጨርቁ አራስኩትና ጥፍሬን በጠርዙ አስገባሁ። ሙጫው ከስንዴ ዱቄት የተፈላ ነው፤ ደርቆ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። ገጹ እስከ ግማሹ ድረስ ደህና መጣልኝና ተቀደደ። የመጣው ግማሽ ጀርባው ላይ ጭቃ ይዟል፤ የጭቃው ጠጠር ጽሑፉን በልቶታል። የቀረው ግማሽ ግድግዳው ላይ ተላጠ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሌላ ሰው ያቆም ነበር። እኔ ግን ሁለተኛውን ይበልጥ አራስኩት፤ ይበልጥ ተበላሸ። ሦስተኛውን በደረቁ ሞከርኩት፤ እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። በዚህ መሀል አንዴ ዞር ስል ወይዘሮ በላይነሽን በሩ ላይ አየኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል፣ አንድ ቃል አይናገሩም። ቢቆጡኝ አቆም ነበር መሰለኝ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ጥፋቱን ለዝምታቸው ላሸክም እየሞከርኩ ነው። የቀሩትም ገጾች እንዲሁ አለቁ፤ ሽፋኑን በመጨረሻ ያዝኩት፣ ስሟ ያለበትን። ከነጭቃው ቁርጥ ብሎ ወደቀ፤ «አስ» የሚለው እጄ ላይ ቀረ፣ «ካለ» የሚለው ወለሉ ላይ ተበተነ። ከአልጋው በላይ እርጥብ ጭቃ ብቻ ቀረ። አዲሱ አንሶላ ላይ ቡናማ ውሃ ተንጠባጥቧል።

ደምሴ የገባው ያኔ ነው። ረጅም፣ ፀጉሩ ላይ ገለባ የተሰካ ጎልማሳ ነው። ትከሻው ላይ ያለውን አግዳሚ ሳያወርድ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እናቱን።

«እንግዳ ናት፤ የእናቷ መጽሐፍ ሆኖ ነው» አሉት።

አግዳሚውን ቀስ ብሎ አወረደ። የምትለው ነገር ካለህ በለኝ ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ላበላሸው ብዬ አልነበረም እኮ እትዬ» አለኝ። «በገጹ ቁጥር በቁጥሩ ነው የለጠፍኩት። ግማሹ ወደ ጭቃው ይዞራል፣ ግማሹ ግን ይነበባል። እጮኛዬ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ሥራ ስትፈታ እያነበበች ትሠራዋለች ብዬ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅርታዬን ተቀበለ፤ እንግዳ አይደለሁ? ቁርጥራጮቹን ለቅሞ በፌስታል ያደረገልኝ ራሱ ነው። ወለሉ ላይ ያለውን እየለቀመ «ይሄኛውስ ያስፈልግዎታል?» እያለ አንድ በአንድ አሳየኝ። ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ሴቶቹ ዞረው «የሒሳቡ መጽሐፍ ተርፎ የለ? እሱን እንለጥፍበታለን» ሲሉ ሰማሁ። እስከ በር ሸኙኝ። መንገድ ላይ እንዳይርበኝ ዳቦ ቆርሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

መልስ

ያን ሌሊት ጎረቤላ አደርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ አዲስ አበባ። በጌታሁን ሱቅ በኩል አለፍኩ፤ በሌላው የመንገድ ዳር አድርጌ። ኬላው ላይ በመምጫዬ የፈተሸኝ ወታደር አልነበረም። የነበረው ፌስታሉን ከፍቶ ጭቃና ወረቀት ሲያይ «ቆሻሻ ይዘሽ ነው እንዴ የምትዞሪው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ቤት ስደርስ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የቢሮ ሥራ ስላልኳት ዋሽቼ ልቀጥል ይቻለኝ ነበር። አላደረግኩትም። ከጌታሁን ስልክ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ፌስታሉን ፊቷ አስቀመጥኩ። አልከፈተችውም።

«ጫጉላ ቤት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«የኔን ለብቻው ከአልጋው በላይ?»

«አዎ። መሀል ላይ ስምሽ ነበር።»

ምስሩን ተወችው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ፤ ለዓመታት ያላየሁት ነገር ነው፣ አስተማሪ ሳለች የማውቀው። «ሰርገኛው ሁሉ ያየዋላ» አለች። «ልጅቷስ፣ ማንበብ ትችላለች?»

«አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። እያነበበች ትሠራዋለች ብሎ ነው የለጠፈው።»

«ታዲያ ለምን ነቀልሽው?»

ላንቺ ብዬ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ውሸት ነው። በእድር ሴቶቹ ፊት መጽሐፉን ላሳይ፣ ያቺን «ላም አለኝ በሰማይ» ያለችውን ሴት አፍ ላስይዝ፣ መደርደሪያዬን ልሙላ ብዬ ነው። እናቴን አልጠየቅኳትም ነበር። ብጠይቃት ተይው፣ እዚያው ይቆይ ትለኝ ነበር።

«ሰርጉ መቼ ነው?» አለች።

«ነገ።»

«ምን ይዘሽ ሄድሽ?»

«ምንም።»

ፌስታሉን በእጇ ጀርባ ወደ እኔ ገፋችው። «ሰርግ ቤት ባዶ እጅሽን ገብተሽ፣ አብልተው አጠጥተውሽ፣ ግድግዳቸውን ልጠሽ መጣሽ» አለችኝና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ጉዞው ምን አስተማረሽ ለሚለኝ ሰው ሌላ የምጨምረው የለኝም፤ እናቴ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች። አርባ ዓመት አንባቢ ያጣ መጽሐፍ አንዲት አንባቢ ሊያገኝ ሁለት ቀን ሲቀረው ደርሼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጇ። ለደምሴ እሑድ ጠዋት ደጋግሜ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ መጽሐፏ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ እድር ላይም፣ ቤትም።